በእጅ የያዙት ጀጎል

በሐምሌ ወር 1998 ዓ.ም. በሊትዌንያ ዋና ከተማ በቪልኒየስ የተሰበሰበው የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ሐረር ጀጎልን በዓለም ቅርስነት መዘገበ። ወሬው ሐረር ሲደርስ የከተማው ሰው ደስ አለው። ደስ ይበለው እንጂ! ኢትዮጵያ ከዚያ በፊት ያስመዘገበቻቸው ቦታዎች ሰባት ነበሩ። ስሜንና ላሊበላ እ.ኤ.አ. በ1978፣ የጎንደሩ ፋሲል ግቢ በ1979፣ አክሱም፣ ጢያ፣ የታችኛው አዋሽና የታችኛው ኦሞ ሸለቆዎች ደግሞ በ1980 ገቡ። ከዚያ ወዲህ ለ26 ዓመታት በዚያ መዝገብ ላይ አንድም የኢትዮጵያ ስም አልተጨመረም። መዝገቡ እንደገና ሲከፈት ስሟ የተጠራው ሐረር ሆነች።

የሐረር ሰው ደስታ ሁለት ድምፅ ነበረው። አንደኛው «ተመስገን፣ በመጨረሻ አዩን!» የሚል ነው። ሁለተኛው ቀስ ብሎ ከኋላ የሚመጣ ነው፤ «እኛ እኮ ድሮም እዚሁ ነበርን፤ አሁን ምን አዲስ ነገር ተገኘ?» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። የተረሳ ከተማ ልጅ የሆነ ሁሉ ሁለቱንም ድምፅ በአንድ ሆዱ ይዞ ነው የሚኖረው። እኔም የዚያው ከተማ ልጅ ስለሆንኩ ነገሩን ከደጅ ሆኜ አላወራውም። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ይባላል። ጥሩ። ግን ወርቁን ከመዳብ የቆጠረው ማን ነው? ወርቅነቱን ለማወቅስ የግድ ቪልኒየስ ድረስ መሄድ ነበረበት ወይ?

ሐረር ተረሳች ሲባል ስሟን የሚያውቅ አልነበረም ማለት አይደለም። የሐረር ቡና በዓለም ገበያ የራሱ ስም አለው። የሐረር ቢራን የማያውቅ ጠጪ የለም። በንጉሡ ዘመን የጦር መኮንን መሆን የተመኘ ወጣት ሁሉ ሐረር የሚባለውን አካዳሚ በሕልሙ ያየው ነበር። ከተማዋ እንደ ከተማ ግን በጉብኝት ካርታ ላይ አልነበረችም። «ታሪካዊው መስመር» ሲባል ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላ፣ አክሱም ማለት ነው። ፈረንጁም ያንን ይዞር ነበር፣ የእኛም የፖስተር ሥዕል የተነሳው ከዚያ ነው። ምሥራቁ የካርታው ጀርባ ነበር። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምሥራቅ የሚጓዘው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቅርስ ሊያይ ሳይሆን ዕቃ ሊገዛ ነበር። ጨርቁ፣ ሽቶው፣ ቴፑ፣ ከዚያም የኬላው ፍተሻና ጭንቀቱ! አንድ ሰው «ሐረር ደርሼ መጣሁ» ካለ፣ የሚጠየቀው «ምን ይዘህ መጣህ?» ተብሎ ነው። «ምን አየህ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ቢኖር ጥቂት ነው።

ለመሆኑ ሳይታይ የቀረው ምንድን ነው?

የከተማዋ የጥንት ባለቤቶች ሐረሪዎች ከተማቸውን የሚጠሩት «ጌይ» ብለው ነው። ትርጉሙም «ከተማ» ማለት ነው። ሌላ ቅጽል የለውም። ቋንቋቸው «ጌይ ሲናን»፣ የከተማው ቋንቋ፣ ራሳቸውም «ጌይ ኡሱእ»፣ የከተማው ሰው ናቸው። ይህንን ልብ በሉ። በገጠርና በሠራዊት ሰፈር በተሞላው የአገራችን ታሪክ ውስጥ፣ ማንነቱን ሁሉ ከከተሜነት ጋር አስሮ የኖረ ሕዝብ እዚያ ነበረ። ዩኔስኮ ስለ ጀጎል ባሰፈረው መግለጫ ከ82 መስጊዶች ሦስቱ እስከ 10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደሚደርሱ ይናገራል። የአድባራት ያህል የሚከበሩት የወሊዮች መቃብሮችና መዘከሪያዎች ደግሞ 102 ናቸው። ይህ ሁሉ የሚገኘው 48 ሄክታር በሆነ ቦታ ላይ ነው። አንድ ሰው በእግሩ በአንድ ጥዋት ዙሪያውን ጨርሶ ቁርሱን ይበላል።

ዙሪያውን የከበበው የጀጎል ግንብ 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል። ያሠራው አሚር ኑር ነው ይባላል፤ ዘመኑም 16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ዘመኑ የደግ ዘመን አልነበረም። ሐረር ከ1520 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሡልጣኖች መናገሻ ነበረች፤ ኢማም አሕመድ ወደ ደጋው የዘመቱትም ከዚያ በመነሳት ነው። ኢማሙ ከወደቁ በኋላ የከተማዋ ነገር አስጊ ሆነ። አሚር ኑር በ1559 እ.ኤ.አ. ከአፄ ገላውዴዎስ ጋር ተዋግተው ንጉሡ በጦርነቱ ላይ ወደቁ። ድል ተገኘ እንጂ እፎይታ አልተገኘም፤ ረሃብም ጦርነትም ተከታተለ። ግንቡ የተሠራው እንግዲህ ለጌጥ አይደለም። ዛሬ ቱሪስት ተደግፎት ፎቶ የሚነሳበት ድንጋይ የፍርሃት ልጅ ነው።

በሮቹም አምስት ነበሩ። በአማርኛ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር ይባላሉ። በሐረሪ ቋንቋ ደግሞ አስመዲን በሪ፣ በድሮ በሪ፣ ሱቁጣጥ በሪ፣ አርጎብ በሪ፣ አሱም በሪ ናቸው። በሩ አንድ፣ ስሙ ሁለትና ከዚያም በላይ መሆኑ ራሱ ታሪክ ይናገራል። በየበሩ የሚገባው ሰው የተለያየ ነበር፤ ሁሉም በገባበት አቅጣጫና በራሱ አንደበት ስም አወጣ። መኪና የሚያሳልፈው ሰፊው በር፣ ሐረር በር ወይም ዱክ በር የሚባለው፣ ብዙ ዘመን ቆይቶ የተከፈተ ስድስተኛ ነው።

ከ1647 እስከ 1875 እ.ኤ.አ. ሐረር በራሷ አሚሮች የምትተዳደር ከተማ ነበረች። የራሷን ሳንቲም ቀርጻለች። መጻሕፍት ጽፋለች፣ አባዝታለች፣ በቆዳ ደጉሳለች። ከበርበራና ከዘይላ የመጣ ሲራራ ነጋዴ፣ ከአሩሲና ከኦጋዴን የመጣ ባለግመል፣ ከሩቅ የመጣ የዲን ተማሪ በጠባቧ ግንብ ውስጥ ይገናኙ ነበር። እንግዲህ «የተረሳች» የምንላት ከተማ ይህቺ ናት። የንግድ ሰው ግን አልረሳትም ነበር። የረሳናት እኛ፣ ቀኖችን በነገሥታት ዘመን ብቻ የምንቆጥር ሰዎች ነን።

አሁን ወደ ፈረንጁ እንምጣ። የሐረርና የውጭ ዓይን ጉዳይ የተጀመረው በዩኔስኮ አይደለምና።

እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 3 ቀን 1855 ሐረር ገባ። ከዘይላ ሲነሳ የዓረብ ነጋዴ መስሎ ነበር፤ ኋላ ግን መምሰሉን ትቶ የእንግሊዝ መልእክተኛ ነኝ ብሎ ቀረበ። በአሚር አሕመድ ዘመን አሥር ቀን ያህል ቆይቶ በሰላም ወጣ። በማግስቱ ዓመት ባሳተመው መጽሐፉ «ማንም አውሮፓዊ ገብቶ ያልወጣባትን ከተማ እኔ ገብቼ ወጣሁ» ዓይነት ፉከራ ፎክሯል። ከዚያው መጽሐፍ የምናገኘው አንድ ነገር አለ፤ የመጀመሪያው ክርስቲያን ፈረንጅ የገባባት ዕለት የከተማዋ ውድቀት ይጀምራል የሚል ንግርት በሐረር ይወራ ነበር። ንግርቱ ደረሰ አልደረሰ ለማለት ለኛ ይከብደናል። ግን በርተን ከወጣ በኋላ በ20 ዓመቱ የግብፅ ጦር ገብቶ የአሚሮቹን ነፃነት አከተመ።

አስቡት እንግዲህ። ያኔ ሐረር ማታ ማታ በሮቿን ቆልፋ ቁልፉን ለአሚሩ የምታስረክብ፣ ፈረንጅ እንዳይገባባት የምትጠነቀቅ ከተማ ነበረች። ከ150 ዓመት በኋላ የዚያው ከተማ ልጅ በር ላይ ቆሞ «ዌልካም» ይላል፤ የመጣውን ፈረንጅ ብዛት እየቆጠረም ይኮራል። ይህ ውድቀት ነው ወይስ ዕድገት? ውድቀት ነው ለማለት አልደፍርም። ግን በመካከሉ አንድ ነገር ተገላብጧል። ያኔ ፈረንጁ ነበር የሐረርን ፈቃድ የሚለምነው፤ ዛሬ ዕውቅና ጠያቂዎቹ እኛ ሆንን።

ሁለተኛው ፈረንጅ አርቱር ራምቦ ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ ግጥሙን እርግፍ አድርጎ ትቶ በ1880 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ የአንድ የንግድ ድርጅት ሠራተኛ ሆኖ ሐረር ገባ። ቡናና ቆዳ ነገደ፣ መሣሪያም ወደ ሸዋ አስገባ፣ በ1883 ደግሞ የፎቶ ካሜራ አስመጥቶ ሐረርን አነሳ። ወጣ ገባ እያለ እስከ 1891 ቆየ። እግሩን ታሞ በቃሬዛ ተሸክመውት ወደ ባሕር ወረደ፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ማርሴይ ከተማ ሞተ። ዛሬ በጀጎል ውስጥ «የራምቦ ቤት» የሚባል ባለ ፎቅ የእንጨት ቤት አለ፤ ቀለም ባላቸው መስታወቶቹና በሥዕሉ በጣም ያምራል። የሠፈር ልጆች «ራምቦ ቤት ልውሰድህ?» ሲሉ የፊልሙን ባለ መትረየስ የሚያስብ እንግዳ አይጠፋም። ነገሩ ግን ከዚህም ይበልጥ ያስቃል። ታሪክ አዋቂዎች እንደሚሉት ራምቦ በዚያ ቤት አልኖረም፤ ቤቱን ያሠራው እሱ ከሞተ በኋላ አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ነው። ስንቱ ፈረንጅ ከፓሪስ መጥቶ የሕንዱን ጣሪያ እያየ ለባለቅኔው አንገቱን ደፍቷል!

ይህን የማነሳው ለመሳቅ ብቻ አይደለም። ከውጭ የመጣ ዓይን ብዙ ጊዜ የሚያየው ሊያይ የመጣውን ነው። በርተን ጀብዱውን ሊያይ መጣ፣ አየው። የራምቦ ወዳጆች ራምቦን ሊያዩ መጡ፣ ባልኖረበት ቤት ሳይቀር አዩት። ከሁለቱም መካከል አንዲት የሐረሪ እናት ግድግዳዋን እንዴት እንደምታስጌጥ ለማየት ብሎ ብቻ የመጣ አልነበረም። ያንን ለማየት ሌላ መቶ ዓመት አስፈልጓል።

ግብፆች ለአሥር ዓመት ገዝተው በ1885 እ.ኤ.አ. ወጡ። በ1879 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ጨለንቆ ላይ የአሚር አብዱላሂን ጦር ድል አድርገው ሐረርን ያዙ፤ ራስ መኮንንም አገረ ገዢ ሆኑ። በፈረስ መጋላ አደባባይ የነበረው በግብፆች ዘመን የተሠራ መስጊድ በመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ተተካ። ይህ ለአንዱ የድል ትዝታ፣ ለሌላው ደግሞ ቁስል ነው። ታሪክ ሲጻፍ ሁለቱንም መጻፍ ያስፈልጋል፤ አንዱን ብቻ ከጻፍን የምንጽፈው ቀረርቶ ነው።

ሐረር የተረሳችበት ትልቁ ምክንያት ግን ጦርነት አይደለም። ባቡር ነው።

ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 የምድር ባቡር ሥራ ሲፈቅዱ የመጀመሪያው ክፍል ከጅቡቲ ሐረር እንዲደርስ ነበር የታሰበው። ነገር ግን ሐረር ወደ 1,900 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ሐዲዱን ያንን ሁሉ ዳገት ማስወጣት ብዙ ገንዘብ ጠየቀ። ስለዚህ ባቡሩ ሜዳ ሜዳውን ይዞ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ሥር ቆመ። በቆመበት ቦታ አዲስ ከተማ ተቆረቆረች፤ በመጀመሪያ ስሟም «አዲስ ሐረር» ነበር። እኛ የምናውቃት ድሬዳዋ ብለን ነው። በ50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ሁለተኛ ሐረር ተወለደችና የመጀመሪያይቱን ገበያ ወሰደች። ሕንዱ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ዓረቡ ነጋዴ ተራ በተራ ዕቃውን ጭኖ ወረደ። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ ሐረር ከመንገድ ወጣች። ለዘመናት የሲራራ ነጋዴ የሚያርፍባት ከተማ ተጓዥ ከሩቅ የሚያልፋት ከተማ ሆነች።

በዘመኑ ለነበረ ሐረሬ ይህ ኪሳራ ነው። የሚያስለቅስ ኪሳራ። ዛሬ ዞረን ስናየው ግን ሌላ ነገር ይታየናል። ባቡሩ ሐረር ገብቶ ቢሆን ኖሮ ጀጎል ምን ይተርፈው ነበር? ለሐዲድና ለጣቢያ፣ ለመጋዘንና ለሰፊ መንገድ ሲባል ግንቡ ይፈርስ ነበር። በዓለም ላይ ስንት ከተማ ግንቡን ያፈረሰው ለባቡርና ለመኪና ነው! ጣሊያንም በ1928 ዓ.ም. ሲገባ አዲሱን ከተማ በአብዛኛው ከግንቡ ውጭ ሠራ። ልማት በውጭ በውጭ ስላለፈ አሮጌው ከተማ ባለበት ቆየ። 368 ናቸው የሚባሉት እነዚያ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ የማያሳልፉ ቀጫጭን መንገዶች እንደተጠማዘዙ ቀሩ።

እንግዲህ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. የሸለመው፣ በአንድ በኩል፣ መረሳትን ነው። ጀጎልን ካቆዩት ነገሮች አንዱ ማንም ዘወር ብሎ ያላየው መሆኑ ነው።

አንዱ ነው አልኩ እንጂ ብቸኛው አይደለም። የተረሳ ቤት በራሱ አይቆምም፤ ይፈርሳል። ጠጋኝ ያስፈልገዋል። የሐረሪን ቤት፣ «ጌይ ጋር» የሚሉትን፣ ገብቶ ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል። ከውጭ ሲታይ ጭር ያለ የድንጋይ አጥር ነው። ሲገቡ ግን ሌላ ዓለም ነው። ሳሎኑ ውስጥ አምስት መደቦች ከፍና ዝቅ ብለው ተሠርተዋል፤ ለእያንዳንዱም ስምና ባለቤት አለው። ለትልቅ ሰው፣ ለቤቱ ጌታ፣ ለሴቶች፣ ለወጣቶች፣ ለእንግዳ። ማን የት እንደሚቀመጥ ማንም አይናገርም፤ ቤቱ ራሱ ይናገራል። ወለሉና መደቡ ቀይ አፈር ይቀባል፤ ጨለንቆ ላይ ለወደቁት መታሰቢያ ነው የሚሉ አሉ። ግድግዳው ላይ ሰፌዱና መሶቡ፣ በየመደርደሪያው የእንጨት ገበታና ሳህን ይደረደራል። ከመግቢያው በር በላይ ተጠቅልሎ የተሰቀለ ምንጣፍ ካለ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ በቤቱ አለች ማለት ነው። ይህንን ሁሉ ባለፉት መቶ ዓመታት ያቆየው አርኪኦሎጂስት አይደለም፤ በየዓመቱ ከረመዳን በፊት ግድግዳዋን የምትለቀልቅና የምታስውብ ሴት ናት። ሰፌድ የምትሰፋዋ፣ ለልጇም የምታስተምረው እሷ ናት። ደመወዝ የላትም፣ ሰርተፊኬትም አልተሰጣትም።

ከቤቱ ውጭ ደግሞ አፎቻ አለ። እኛ ዕድር እንደምንለው ያለ ነው፤ ሐዘንም ሠርግም አብሮ የሚያነሳ። የወንዱ ለብቻ፣ የሴቱ ለብቻ። መንግሥት ሲቀየር፣ ገበያ ሲቀዘቅዝ፣ ሰው ሲሰደድ አፎቻው ቀጠለ። የመሰደዱ ነገርም ቀላል አልነበረም። በ1940 ዓ.ም. ገደማ ኩሉብ በሚባለው እንቅስቃሴ ምክንያት ብዙ ሐረሪዎች ታሰሩ፣ ንብረታቸውን አጡ፣ ብዙዎችም ከተማቸውን ለቀው አዲስ አበባ ገቡ። ደርግ በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት ሲወርስ የጀጎል ቤቶችም አልቀረላቸውም። ከዚያ ወዲያ የተሰደደው ቶሮንቶና ዋሽንግተን ድረስ ሄደ። «የከተማው ሰው» የሚባለው ሕዝብ በገዛ ከተማው ጥቂት ሆነ። በ1998 ዓ.ም. ወሬው ሲሰማ በቶሮንቶ ያለቀሰ ሰው ቢኖር ለምን እንዳለቀሰ አይገርመኝም። ቤቱን ትቶ የሄደ ሰው፣ ዓለም ቤቱን ሲያመሰግን ሲሰማ፣ ደስታውና ጸጸቱ አንድ ላይ ነው የሚመጡት።

ከዩኔስኮ በፊት የነቁም ነበሩ። አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ በመኖሪያ ቤታቸው ውስጥ የጥንት ብራና ይሰበስቡ፣ ሳንቲም ይለቅሙ፣ የድሮ ዜማ ይቀዱ ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያንኑ ቤታቸውን ለጎብኚ ከፈቱት፤ ኋላም ስብስቡ የራስ ተፈሪ ቤት ወደሚባለው ሕንፃ ተዛወረ። የተረሳ የመጽሐፍ አደጓጎስ ጥበብ እንዲመለስም ደክመዋል። አንድ ሰው ይህን ሁሉ ሲሠራ ቪልኒየስ ውስጥ ገና ስብሰባ አልተጠራም። ኩራት ማለት ለእኔ ይሄ ነው፤ ጭብጨባ ሳይኖር የሚሠራ ሥራ።

ከዓለም ቅርስነቱ በፊትም ሐረር አንድ ሽልማት አግኝታ ነበር፤ የ2002–2003 እ.ኤ.አ. የዩኔስኮ የሰላም ከተሞች ሽልማት። የልዩ ልዩ ሃይማኖትና ቋንቋ ሰዎች ተቻችለው ስለኖሩባት ነው የተሸለመችው። እና ሁለቱ ዕውቅናዎች በተከታተሉባቸው በእነዚያ ዓመታት የሐረር ሰው ስለምን ያወራ ነበር መሰላችሁ? ስለ ውሃ! ለአሥርተ ዓመታት ለከተማዋ ውሃ ሲሰጥ የኖረው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ አጋማሽ ላይ ደረቀ። ሐይቅ የነበረው ቦታ የከብት መሰማሪያ ሆነ። የዓለም ቅርስ የሆነች ከተማ እናቶች ቢጫ ጀሪካን ደርድረው ቦቴ ይጠብቁ ነበር። ኋላ ላይ ውሃ ከድሬዳዋ በኩል በቧንቧ ተስቦ መጣ፤ ሐይቁም ከቅርብ ዓመታት ወዲህ መልሶ ውሃ ቋጥሯል። ይህን የምናስታውሰው ለወቀሳ ሳይሆን ለትምህርት ነው። ስም ጥም አይቆርጥም። «ዓለም ያወቃት ከተማ» የሚል ሰሌዳ የተሰቀለበት ግድግዳ ሥር ባዶ ጀሪካን ተሰልፎ ካየህ፣ ኩራትህ ግማሽ ጎኑን ያምሃል።

ዕውቅናው ምንም አላመጣም ለማለት አይደለም። ቱሪስቱ ጨመረ። አንዳንድ ሐረሪዎች ጌይ ጋራቸውን የእንግዳ ማረፊያ አደረጉት፤ እንግዳው በመደቡ ላይ ተኝቶ ጠዋት የሐረር ቡና ይጠጣል። አስጎብኚ የሆኑ ወጣቶች እንጀራ በሉበት። ማታ ማታ ደግሞ ጅቡ አለ። ከግንቡ ውጭ ጅብ በአፍ ሥጋ የማጉረስ ትርዒት የዓለም ጋዜጠኛ ሁሉ ሳያየው አይመለስም። በግንቡ ውስጥ ጅብ ገብቶ ቆሻሻ እንዲበላ የተተወ ቀዳዳ መኖሩን፣ በአሹራ ዕለት ለጅብ ገንፎ የማቅረብ ልማድ መኖሩን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ከ48 ሄክታር ታሪክ ውስጥ ጅቡ ብቻ ፎቶ ተነስቶ ይሄዳል። በርተን ጀብዱውን፣ የራምቦ ወዳጅ ራምቦውን፣ የዛሬው ደግሞ ጅቡን። ጅቡ ምን ያድርግ!

አደጋው ግን ከጅብ አይመጣም። አደጋው ብሎኬት ነው። ጀጎል ውስጥ የሚኖር ሰው ቤተሰቡ ይበዛል፤ ልጁ ያገባል፤ አንድ ክፍል መጨመር ይፈልጋል። በድንጋይና በጭቃ በአባቶቹ ዘዴ ልሥራ ቢል ባለሙያው የለም፣ ካለም ውድ ነው። ብሎኬትና ቆርቆሮ ግን ከሸዋ በር ማዶ በጋሪ ይመጣለታል። ይሠራል። አንተ ብትሆንስ ምን ታደርግ ነበር? ጎረቤቱ ያይና እሱም ይሠራል። አንድ ክፍል፣ ሁለት ክፍል፣ አንድ የብረት በር፣ አንድ ዲሽ። ማንም ጀጎልን አላፈረሰም፤ ጀጎል ግን በየጓሮው ትንሽ ትንሽ ያልቃል። ሰውየውን «ቅርስ አፍራሽ» ብሎ መስደብ ቀላል ነው። ከባዱ፣ ቤቱን በአባቶቹ ዘዴ ለሚጠግን ሰው የወጪውን ልዩነት ማን ይሸፍንለታል የሚለው ነው። ኩራቱ የሁላችን ከሆነ ወጪው የእሱ ብቻ ሊሆን አይገባም።

ቀድሞ ጀጎልን መረሳቱ ጠበቀው፤ ገንዘብ ስላልነበረ ብሎኬትም አልነበረም። አሁን ግን ሐረር አልተረሳችም። መንገዱ መጥቷል፣ ገንዘቡ መጥቷል፣ ቱሪስቱ መጥቷል። መረሳት የሠራውን የጥበቃ ሥራ ከእንግዲህ ኩራት ካልሠራው ሌላ የሚሠራው የለም። የዓለም ቅርስ ዝርዝር ውስጥ መግባት ዲፕሎማ አግኝቶ ግድግዳ ላይ እንደ መስቀል አይደለም። ብድር እንደ መፈረም ነው። የተፈራረመው መንግሥት ነው፤ ዕዳው የሚከፈለው ግን በየቤቱ ነው።

ከሐረር በኋላ መዝገቡ አልተዘጋም። ኮንሶ በ2011፣ ጌዴኦና ባሌ በ2023፣ መልካ ቁንጡሬ በ2024 እ.ኤ.አ. ገብተዋል። ዛሬ ከድሮው መስመር ውጭ ያለ የከተማ ልጅ ሁሉ «የእኛስ መቼ ነው?» ማለት ጀምሯል። ጅማ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ይዛ ትጠብቃለች፤ ሌሎቹም የየራሳቸውን። መልካም ምኞት ነው። ግን ከሐረር የሚማር ካለ አንድ ነገር ይማር፤ ስሙ ከመምጣቱ በፊት ጠጋኙን ማዘጋጀት።

በኅዳር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የሐረሪዎች የሹዋሊድ በዓል በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገባ። ይህ በዓል ከረመዳን ቀጥሎ ያለው የስድስት ቀን ጾም ሲፈታ የሚከበር ነው። ለእኔ ከግንቡ ይልቅ ይህኛው ምዝገባ ብዙ ይናገራል። ግንብን በዘበኛ ማስጠበቅ ይቻላል። በዓልን ግን ዘበኛ አይጠብቀውም፤ የሚያከብረው ሰው ከሌለ በአንድ ትውልድ ያልቃል። ጀጎልም በመጨረሻው እንደዚያው ነው። ድንጋዩን ያቆመው አሚር ኑር ሊሆን ይችላል፤ አራት መቶ ሃምሳ ዓመት ያቆየው ግን ውስጡ የኖረው ሰው ነው። ቀጣዩን መቶ ዓመትም የሚያቆየው ያው ነው፤ ውስጡ መኖር ካልከበደው።